ድሮ የት ይወረዳል?

ላለፈ ክረምት ቤት አይሠራም ይላሉ አባቶች። ለፈረሰ ቤት ግን ታክሲ ይቆማል። የዚህ ጥናት መነሻ በእነዚህ ሁለት እውነቶች መካከል ያለው ርቀት ነው።

ያለፈውን ትተህ ዛሬን ኑር የሚለው ምክር ሰሞኑን በዝቷል። ሬዲዮ ላይ ይመከራል፣ ሠርግ ላይ ይመከራል፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ንፍሮ እየተቆረጠመ ይመከራል። አጥኚው (ማለትም እኔ) ምክሩን አልተቃወመም። የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ዛሬን ብቻ የሚኖር ሰው ማታ ቤቱ የሚገባው በየት በኩል ነው?

መረጃው የተሰበሰበው በሚኒባስ ነው። ናሙናው በወንበሩ ልክ 12 ሰው እንዲሆን ታቅዶ፣ ከወያላው ጋር በተፈጠረ የሐሳብ ልዩነት 16 ሆኗል።

በመጀመሪያ ሰባራ ባቡር። በምኒልክ ዘመን ሰርኪስ ተርዚያን የተባለው አርመናዊ ያስመጣው በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ ተሰብሮ የቀረበት ስፍራ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎታል፤ እስካሁን በስሙ ውስጥ እንደተሰበረ ነው። ሃያ ሁለት ማዞሪያ ደግሞ 22 ቁጥር አውቶቡስ ዞሮ ይመለስበት የነበረ ቦታ ነው። ሃያ አንድ የት ነው ብሎ የጠየቀ ተሳፋሪ አላጋጠመኝም።

ካዛንቺስ ለብቻው መጽሐፍ ይወጣዋል። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚያሠራ ተቋም ነበር፤ የስሙ ምሕጻር ኢንቺስ ይባላል፤ ካዜ ኢንቺስ፣ የኢንቺስ ቤቶች። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ተባረረ፤ በጥድፊያው ስሙን ይዞ መሄድ ረሳ። በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ ነዋሪውም ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ቦታዎች ሄደ። መሥሪያ ቤቱ የለም፣ ቤቶቹ ፈርሰዋል፣ ሰዎቹ ተነሥተዋል፤ «ካዛንቺስ ያለ!» እየተባለ ግን ታክሲው ይሞላል። ገላን ጉራ ላይ አዲስ በር ከፍቶ የሚወጣውን ጎልማሳ የማን ሰፈር ልጅ ነህ ቢሉት «የካዛንቺስ» ይላል። አጥኚው ይህን ክስተት «ከቤቱ የቆየ አድራሻ» ብሎ ሰይሞታል።

ቀጥሎ አጥኚው ምክሩን በራሱ ላይ ሞከረው። ለአንድ ቀን ያለፈ ነገር በስሙ ላለመጥራት ወስኖ ከሜክሲኮ ተሳፈረ። ሣር ቤት ሲቃረብ፣ «እዚያ መስታወቱ ሕንፃ ጋ ወራጅ አለ» አለ።

«የትኛው መስታወት ጋሼ?»

ጥያቄው ተገቢ ነበር።

«አዲሱ።»

«ሁሉም አዲስ ነው። ሣር ቤት ነው የሚወርዱት?»

አጥኚው አዎ ቢል ሙከራው ይከሽፋል፤ ዝም ቢል ጀሞ ይደርሳል። ጀሞ ደረሰ። የመመለሻው ሒሳብ በጥናቱ በጀት አልተያዘም ነበር። (በነገራችን ላይ፣ ሰፈሩን ያስጠራው የሣር ክዳን ቤት የለም። ተፈልጓል።)

ሌላው ተጠኚ ዕቃ የሚያደርስ ባለሞተር ወጣት ነው። ስልኩ ላይ ካርታ አለው። ቢሆንም ደውሎ «ምን አጠገብ ነው?» አለ። «ድሮ ጠጅ ቤቱ የነበረበት» ስለው ሳያመነታ መጣ። ጠጅ ቤቱ ሲፈርስ እሱ አልተወለደም። አሁን በቦታው የቆመውን ባንክ ታክኮ ነው የመጣው፤ የማን ባንክ እንደሆነ ብጠይቀው «የቱ ባንክ?» አለኝ።

ለሐቀኝነት ሲባል የምክሩን ወገን የሚደግፍ አንድ ማስረጃ መገኘቱን መግለጽ ያስፈልጋል። ለገሃር በፈረንሳይኛ ጣቢያ ማለት ነው፤ ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ሕንፃው ዛሬም ቆሟል፣ ወያላውም ስሙን ይጠራል። ሻንጣችሁን ይዛችሁ እዚያ ለምትወርዱ አንባቢያን ግን፦ የድሬዳዋ ባቡር የሚነሣው ከፉሪ ለቡ ነው።