የወይራው ቀፎ

ተረት ተረት፤ የላም በረት።

አትላስ ላይ፣ በኡራኤልና በቦሌ መድኃኔዓለም መካከል፣ ፎቅ የከበባት አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ነበረች። በቅጥሯ ውስጥ አንድ ያረጀ ወይራ ነበር፤ በወይራው ግንድ ውስጥ ደግሞ ንቦች ሰፍረው ይኖሩ ነበር። መሪጌታው በየዓመቱ አደይ አበባ ሲያልፍ ጥቂት የማር እንጀራ ይቆርጡና ሰሙን ለጧፍ ያደርጉታል። ንቦቹም ከአያቶቻቸው የወረሱት አንድ ሥርዓት ነበራቸው፤ ከአበባ ያልተቀሰመ ነገር ወደ ቀፎው አይገባም።

የንብ ዕድሜ አጭር ነው። በሥራ ወራት ስድስት ሳምንት ብትኖር ነው። ስለዚህ ሥርዓቱ የሚዘልቀው አንጋፋዋ ለታናሿ ስታስተምር ብቻ ነበር። አበባ ያገኘች ንብ ተመልሳ እንጀራው ላይ ታሸበሽባለች። የሽብሸባዋ አቅጣጫ አበባው ያለበትን ወገን፣ ቆይታዋ ደግሞ የመንገዱን ርቀት ይናገራል። ታናናሾቹ ከኋላ ከኋላ እየተከተሉ ያጠኑታል። አቋቋም ቤታቸው ይኸው ነበር።

አትላስ እያደገ ሄደ። የጓሮ አበባ የነበረበት ሁሉ ፎቅ ሆነ፤ የንቦቹም መንገድ ረዘመ። አንድ ቀን ከአንድ ትልቅ ቀፎ የመጣች እንግዳ ንብ በራቸው ላይ አረፈችና፣ «ምን ያደክማችኋል? እዚህ ጁስ ቤት ጓሮ የስኳር ውኃ በባልዲ ይደፋል። እናንተ በወር የማትሞሉትን እኛ በሳምንት እንሞላዋለን። ማር ማር ነው፤ ዋናው መጣፈጡ ነው» አለቻቸው።

ወጣቶቹ ሄደው ቀመሱት። እውነትም ይጣፍጣል። ከዚያ ቀን ወዲህ ሽብሸባው አጠረ፤ ሁሉም ወደ ጁስ ቤቱ ያመለክት ጀመር። ቀፎው ሞልቶ ተትረፈረፈ።

በር ጠባቂዎቹ ግን ተቆጡ። «ስኳር ስኳር የምትሸት አትገባም!» እያሉ ወጣቶቹን በመውጊያ መለሷቸው። ከተመለሱት ብዙዎቹ ወደ ትልቁ ቀፎ ሄደው እዚያው ቀሩ።

ክንፏ የነተበ አንዲት ባልቴት ንብ ነበረች፤ ሁሉም እማሆይ ይሏታል። ጠባቂዎቹን ጠርታ፣ «ልጆቼ፣ ‹አይቻልም› አላችኋቸው። ለምን እንደማይቻልስ ማን ነገራቸው?» ስትል ጠየቀቻቸው።

«እማሆይ፣ በሩን ካልዘጋን ሥርዓቱ ይፈርሳል» አሏት።

«በር መጠበቅስ ደግ ነው። በበር ብቻ የተጠበቀ ሃይማኖት ግን የለም። የጎርጎራ ንቦች ያወረሱንን ታሪክ ረሳችሁት? ዐፄ ሱስንዮስ የሮምን ሃይማኖት በአዋጅ አስገብተው ነበር። ሕዝቡ ከጉባኤ ቤትና ከእናቱ ጉያ የተማረውን አልለቅም አለ፤ ብዙ ደምም ፈሰሰ። በመጨረሻ በ1624 ዓ.ም. ንጉሡ ራሳቸው የአባቶቻችሁ ሃይማኖት ይመለስላችሁ ብለው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። በአዋጅ የገባው በአዋጅ ወጣ፤ በትምህርት የገባው ግን እስከ ዛሬ አለ።»

ቀጥላ ወጣቶቹን ሰብስባ አዲሱን ማር አሸተተቻቸው። ነጣ ያለ ነው፤ ምንም መዓዛ የለውም። ከዚያ እጮቹ ወደሚያድጉበት ወደ ቀፎው መካከል ወሰደቻቸው። ገሚሱ ክፍል ባዶ ነበር፤ በቀሩትም ውስጥ እጮቹ ጠውልገዋል።

«አያችሁ?» አለች። «ስኳር ያበርራል እንጂ ልጅ አያሳድግም። እናንተ ዛሬ የምትበሩት በልጅነታችሁ የአበባ ብናኝ በልታችሁ ስላደጋችሁ ነው። ብናኝ ከአበባ እንጂ ከባልዲ አይገኝም። ቀፏችን ለዛሬ ሞልቷል፤ የነገዋ ንብ ግን የለችም።»

አንዲት ወጣት ንብ፣ «እማሆይ፣ አበባውማ የት ቀረ? ሁሉም እኮ ፎቅ ሆነ» አለች።

እማሆይ ይዛቸው ወጣች። ከአጥሩ ጥግ ያለውን ብሳና፣ የወይራውን የራሱን አበባ፣ ገና ባልተሠራበት ቦታ የበቀለውን አደይ አንድ በአንድ አሳየቻቸው። መንገዱ አሰልቺ ነበር፤ ደጋግመው እስኪያውቁት ድረስ አብራቸው በረረች። ሽብሸባው ተመለሰ። ከሄዱት መካከል የተመለሱም ነበሩ፤ በሩ ተከፈተላቸው።

ጊዜ አለፈና ወይራው ተሰነጠቀ። መሪጌታው ከጣውላ የተሠራ ዘመናዊ ቀፎ አመጡ። ጠባቂዎቹ፣ «የአያቶቻችንን ቤት አንለቅም!» ብለው ጮኹ። እማሆይ ያን ጊዜ ዐርፋለች። «አበባውማ የት ቀረ?» ብላ የጠየቀችው ንብ ግን አሁን በተራዋ ክንፏ ነትቦ ነበር። «ግቡ» አለቻቸው። «ወይራው ማደሪያችን ነበር እንጂ ማራችን አልነበረም።»

የተረቱ ወርቅ እነሆ። ትንሽ ደብር ትንሽ በመሆኗ አትፈር። ለመቀደስ አምስት ልዑካን፣ ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት፣ ይበቃሉ። ድምፅ ማጉያው፣ የአማርኛው ስብከት፣ የኮንክሪቱ ሕንፃ ሁሉ ጣውላ ነው፤ ጊዜ ያመጣዋል፣ ጊዜም ይለውጠዋል። ምሥጢረ ሥላሴ፣ ምሥጢረ ሥጋዌ፣ ምሥጢረ ጥምቀት፣ ምሥጢረ ቁርባንና ምሥጢረ ትንሣኤ ሙታን ግን ማሩ ናቸው፤ በብልጽግና ተስፋና ልብ በሚያሞቅ ንግግር አይለወጡም። ጣፋጭ ስብከት በትምህርት ያደገውን ትልቅ ሰው ለጊዜው ያቆየው ይሆናል፤ ሕፃኑን ግን ክርስቲያን አድርጎ አያሳድገውም።

እንግዲህ ስለ ጠፉት ወጣቶች ከማማረራችን በፊት ምን እንዳበላናቸው እንጠይቅ። አባት ልጁን አስቀምጦ እነዚህን አምስቱን አዕማደ ምሥጢር ይንገረው። ደብሯ ለንባብ፣ ለዜማና ለትርጓሜ መምህር ደመወዝ አትንፈግ፤ ሰንበት ትምህርት ቤቱም «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅን ልጅ አይቆጣ፤ ተቀምጦ ይመልስለት። ቅጥሩ በምእመን ቢሞላም፣ ልጆቻችን ስለ ሥላሴ ሲጠየቁ ዝም የሚሉ ከሆነ ገና ባዶ ነው።