547 ለዜሮ

ጠርናፊን የሚንቅ ሰው ምርጫ አያውቅም። በኢሕአዴግ ዘመን፣ ድምፅ መስጫው ሲቃረብ፣ የወረዳ አዳራሽ ገብቶ ያየ ግን ዴሞክራሲ ማለት በጥራት የተሞላ ቅጽ መሆኑን ተረድቶ ይወጣል። መድረኩ ላይ የፕላስቲክ አበባ፣ ሃይላንድ ውሃና ክቡር አመራሩ፤ ከታች በሸሚዛቸው ላይ የግንባሩ ንብ ያለበት ቲሸርት የደረቡ የአንድ ለአምስት ጠርናፊዎች። አመራሩ አቅጣጫ ያስቀምጣሉ፣ ጠርናፊው ይጽፋል፤ ብልሁ ደግሞ ንግግሩ ሳያልቅ ያጨበጭባል።

ሥራው ከባድ አይደለም። አምስት ጎረቤት ትይዛለህ፤ ማን ካርድ እንደወሰደ፣ ማን ዳር ዳር እንዳለ ትመዘግባለህ። «ስኳር የት ገባ? ቧንቧውስ መቼ ነው የሚመጣው?» የምትል እናት ካለች ስሟ ጎን «የግንዛቤ ክፍተት» ብለህ ትጽፋለህ። የክፍተት መድኃኒቱ ሥልጠና ነው፤ ሥልጠና ደግሞ አበል አለው። ስለዚህ ክፍተት ይብዛልን!

አደረጃጀቱ እንዲህ የጠበቀው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1997 ሕዝቡን ልቅ ቢተዉት የአዲስ አበባን 23ቱንም የፓርላማ ወንበር ለተቃዋሚ ሰጥቶ ወደ ቤቱ ገባ። እንዲህ ያለ ባለጌ መራጭ! በ2002 ከ547 ወንበር ያመለጡት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አንዱ ለተቃዋሚው መድረክ፣ አንዱ ለግል ተወዳዳሪ። የየትኛው ጠርናፊ ዓይን እንደተከደነ እንጃ። በ2007 ግን ጉድለቱ ታረመ፤ ግንባሩና አጋሮቹ 547ቱንም ጠቅልለው ወሰዱ።

ምሥጢሩ ግልጽ ነው። ከአምስቱ አራቱ ብቻ ደጋፊ ናቸው ያለ ጠርናፊ፣ የሚገመገመው እሱ ራሱ ነው፤ ታዲያ ለምን ብሎ እውነቱን ይጽፋል? ሪፖርቱ ከቀበሌ ወረዳ፣ ከወረዳ ዞን ሲደርስ እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል። ላይ ያሉት አመራርም ወደ ታች የላኩትን ቃል መልሰው ሲሰሙት «ሕዝቡ ከእኛ ጋር ነው» ብለው ይረካሉ። ደግሞም አልዋሹም፤ ቅጹ ላይ አለ።

አዲሱ ፓርላማ በመስከረም 2008 ተከፈተ። በኅዳር ከጊንጪ የተነሣው ተቃውሞ እየሰፋ ሄዶ፣ በመስከረም 2009 አገሪቱ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ዋለች። አስፋልት ላይ የወጣው ወጣት በየቅጹ «ደጋፊ» ተብሎ ምልክት እንደተደረገበት ነው የወጣው። ምን ይደረግ፣ ድንጋይ የሚያነሣ ደጋፊ የሚመዘገብበት ዓምድ አልነበረማ።

ግንባሩ በ2012 ሲከስም ጠርናፊዎቹን ማን እንዳሰናበታቸው አልተሰማም። ውዝፍ አበል የቀረባቸው ካሉ ግን ቅሬታቸው ተገቢ ነው።