ኮሜዲን ለማበላሸት የሚረዱ አምስት ሥርዓታት

በአቀስታም ሆነ በመካነ ሰላም፣ በትምህርት ቤት የተውኔት ክበብም ሆነ በመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ ከደረጃዋ በላይ ስለምትንጠራራ እመቤት የሚያስቅ ተውኔት ለመድረስ ብዕሩን ያነሣ ወጣት፣ ድካሙን ሁሉ ከንቱ ለማድረግ ከፈለገ፣ ከዚህ በታች የተጻፉትን ሥርዓታት አንድም ሳያጓድል ይጠብቅ፤ ሥራው እንዲሠምርለት የሚሻ ግን እያንዳንዱን ገልብጦ ያንብብ፤ ምክሩ የተጻፈው ለእርሱ ነውና።

የነገሩ ሥር ሩቅ ነው። ፈረንሳዊው ሞሊየር እ.ኤ.አ. በ1670 ባቀረበው ኮሜዲ፣ መኳንንቱን ለመምሰል የጭፈራና የፍልስፍና መምህራን የቀጠረውን የጨርቅ ነጋዴ ልጅ፣ ሙሴ ዡርዳንን አሳየን፤ በለንደን የተማረው መንግሥቱ ለማ በ1950ዎቹ ዓመተ ምሕረት በ«ያላቻ ጋብቻ» የዘር ቆጠራን ትምክሕት በመድረክ ላይ አቆመው፤ እንግሊዛዊው ሮይ ክላርክም እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 1995 በቢቢሲ በታየው ተከታታይ ኮሜዲ፣ ፓትሪሻ ራውትሌጅ የተጫወተቻትን ሃያሲንት የተባለች እመቤት ሰጠን። ይህች ሴት በእንግሊዝኛ ባልዲ ማለት በሆነው በባሏ የቤተ ሰብ ስም ታፍራለችና፣ እቅፍ አበባ በሚያሰኝ አነጋገር እንዲጠሯት ሰውን ሁሉ ስታርም ትኖራለች።

ፊተኛው ሥርዓት፤ የባዕድን ዕቃ እንዳለ ቅዳ። ሃያሲንት የሰፈሯን ታላላቆች በሻማ ብርሃን ራት ትጋብዛለችና፣ አንተም የአቀስታዋን እመቤት ሻማ አስለኩሳት። መብራት በጠፋ ቁጥር ሻማ ለሚያበራ ተመልካች ሻማ የችግር ምልክት ስለ ሆነ፣ ጨዋታው ገና ሳይጀመር ይሞትልሃል። በእኛ ዘንድ ክብር የሚኖረው ተቆልፎ በሚውለው ብፌ ውስጥ፣ እንግዳ ካልመጣ በማይገለጠው የሶፋ ልብስ ሥር፣ «ከደሴ ያስመጣሁት» በሚለው ቃል፣ በሠርግ ድንኳንም ማን ከማን በላይ ተቀመጠ በሚለው ጥያቄ ነው፤ ይህን ሁሉ ሳታይ እለፍ።

ሁለተኛው ሥርዓት፤ እመቤቲቱን ፍቅር የሌላት አድርጋት። ሃያሲንት በእኅቶቿ በዴዚና በሮዝ ድኽነት ታፍራለች፤ ነገር ግን የጃጀው አባቷ አንዳች ነገር ሆነ የሚል ስልክ በተደወለ ጊዜ፣ የክት ባርኔጣዋን እንደ ደፋች ወደ እነርሱ ቤት ትገሰግሳለች። የድርሰቱ ምሥጢር በዚህ ነው፤ ዘመዶቿን መካድ ብትችል ኖሮ ክፉ ሴት ትሆን ነበር፣ ሳቁም ያንጊዜ ወደ ጥላቻ ይለወጥ ነበር። ስለዚህ አባትየውን ሰርዘው፤ ከትዕቢቷ በስተጀርባ ያለውን፣ ወደ ወጣችበት ቤት እመለስ ይሆን እያለች የምትፈራውን ፍርሃትም ማንም እንዳያይብህ ሸፍነው።

ሦስተኛው ሥርዓት፤ ሳቁን ሁሉ በድኻው ዘመድ ላይ ጣል። ከአምስቱ ሁሉ አጥፊው ይህ ነውና በትጋት ጠብቀው። የእመቤቲቱ ወንድም በገበያ ቀን ከለጋምቦ ደጋ ባናውን ደርቦ፣ ዱላውን ይዞ ወደ እኅቱ ቤት ብቅ ባለ ጊዜ፣ በአነጋገሩ፣ በጫማው ጭቃ፣ በባናውም ሽታ አሥቅ፤ ባናው ከገዛ በጎቹ ጠጉር ተፈትሎ የተሠራ፣ የጉጉፍቱን ደጋ ውርጭ የሚመክት የሙያ ሥራ መሆኑን አታንሣ። ሮይ ክላርክ እንዲህ አላደረገም፤ የዴዚ ባል ኦንስሎ በካናቴራ ሆኖ ቢራውን እየጠጣ ቴሌቪዥን ሲያይ ቢውልም፣ በመላው ድርሰት በራሱ የማያፍር፣ በሩንም ለሚጠላው ሰው እንኳ የማይዘጋ ሰው እርሱ ነው። መንግሥቱ ለማም በ«ያላቻ ጋብቻ» ለመሳቂያ ያቀረበው የወይዘሮ አልጋነሽን የዘር ትምክሕት ነው፤ ገረድ የነበረችውን የበለጤን ድኽነት መሳቂያ አላደረገም። አንተ ግን ገበሬውን መሳቂያ ብታደርገው፣ በአዳራሹ የተቀመጠው የገበሬ ልጅ ከጓደኞቹ ላለመለየት አብሮ ይስቅና፣ ወደ ቤቱ ሲገባ በአባቱ አነጋገር ማፈር ይጀምራል፤ እንዲህም ሲሆን ተውኔትህ ሊያጋልጣት የተነሣባትን እመቤት በአንድ ምሽት አብዝቶ ይወልዳታል።

አራተኛው ሥርዓት፤ ዝም የሚለውን ሰው አስጩኸው። የሃያሲንት ባል ሪቻርድ ሁሉን እያወቀ ይታገሣል፤ ጎረቤቷ ኤልዛቤት ውዱን ሲኒ በጨበጠች ጊዜ እጇ ይንቀጠቀጥና ቡናውን ታፈስሳለች፤ የኤልዛቤት ወንድም ሙዚቀኛው ኤሜት፣ ሃያሲንት ካየችው ስለምታዜምበት ከደጅ ለመውጣት ይሠጋል። የትዕቢት ክብደት የሚለካው በተሸካሚዎቹ ትከሻ ነውና፣ ይህ ሁሉ ዝምታ ስለ እርሷ ከብዙ ንግግር ይልቅ ይመሰክራል። አንተ ግን የወረዳ ሠራተኛ የሆነውን ባሏን በየትዕይንቱ እያስቆጣህ፣ ተመልካቹ ራሱ ሊያስተውለው የሚገባውን ነገር ሁሉ በቃል አስነግረው።

አምስተኛው ሥርዓት፤ የሚደጋገመውን ለዋውጥ፣ የማይታየውን አሳይ። ሃያሲንት ወደ ኦንስሎ ቤት በሄደች ቁጥር ከአሮጌው መኪና ውስጥ ውሻ ይጮኽባትና ወደ ቁጥቋጦው ትወድቃለች፤ ተመልካቹ አስቀድሞ ስለሚያውቀው ደስታው በመጠባበቁ ይበዛል። ልጇ ሸሪዳን ደግሞ በስልክ ገንዘብ ይጠይቃል እንጂ ከቶ አይታይም፤ እናቱ ስታመሰግነው የምንሰማው ልጅና እኛ ከልመናው የምንገምተው ልጅ አለመገጣጠማቸው ሳቁን ይወልዳል። በእኛም አገር በዓረብ አገር ወይም በአዲስ አበባ ያለ፣ በየቡናው ስሙ የሚነሣ ልጅ አለ፤ እርሱን በመጀመሪያው ገቢር ወደ መድረክ አምጣና የተመልካቹን ሐሳብ ግደል።

እነዚህን ሁሉ የጠበቀ፣ በፍጻሜው እመቤቲቱን አስለቅሶ ስለ ትሕትና ስብከት ካሰማ፣ ጥፋቱ ምሉዕ ይሆናል። እውነቱ ግን ውስጡን ለቄስ የሚባልበት ጓዳ የሌለው ቤት አለመኖሩ ነው፤ ያንን ጓዳ ከፍቶ የሚያሳይ ደራሲም እንደ ነፍስ አባት የምሕረት ዐይን ሊኖረው ይገባል። የትኛውን መንገድ እንደ ያዝህ ለማወቅ ብትሻ ተውኔትህን በአቀስታ በገበያ ቀን አሳይ፤ ባና የለበሱትንም ሰዎች በፊት ወንበር አስቀምጣቸው። እነርሱ ከሁሉ ቀድመው ከሳቁ ሥራህ ቀንቷል፤ አንገታቸውን ከደፉ ግን ድርሰቱን ወደ ቤትህ ይዘህ ተመለስና ከሦስተኛው ሥርዓት ጀምረህ አርመው።