የስቲከር ሹመት

ሀበሻ ሹመት ይወዳል። አገር ቤት የዕድር ዳኛ፣ የማኅበር ሙሴ፣ የቀበሌ ሊቀ መንበር ነበርን፤ አሜሪካ ከገባን ወዲህ ደግሞ ሦስት ሰው ሆነን ሰብሳቢና ምክትል ሰብሳቢ ሳንመርጥ ቡና አንጠጣም። ይህን ጠባያችንን ማን እንደነገረብን እንጃ፣ ፍሎሪዳ ልጆቼን ሾማ መለሰችልኝ።

ቦታው አኒማል ኪንግደም ይባላል፤ ከዲዝኒ ወርልድ አራት ፓርኮች አንዱ ነው። የተከፈተው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 22 ቀን 1998፣ በምድር ቀን ስለሆነ በየዓመቱ ልደቱና በዓሉ አንድ ላይ ይውላሉ። አሜሪካኖች የምድርን ቀን ማክበር የጀመሩት በ1970 ነው ብዬ ለእናቴ ሳስረዳት፣ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ "ዓመታዊው ብቻ ነው ወይስ በየወሩም ይዘከራል?" አለችኝ።

ከፓርኩ መሐል "የሕይወት ዛፍ" ቆሟል፤ ቁመቱ ወደ 44 ሜትር፣ ቅጠሉ ከመቶ ሺህ በላይ፣ ግንዱ ላይ የተቀረጹት እንስሳት ከ300 በላይ። ከውስጥ ደግፎ ያቆመው ብረት ግን በባሕር ላይ ነዳጅ ማውጫ አሠራር የተተከለ ነው። የምድርን ቀን ከነዳጅ ማውጫ ሥር ማክበር እኔን ትንሽ ከነከነኝ፤ እናቴ ግን ቅጠሉ እንደማይረግፍ ስትሰማ "ጠራጊ አያስቸግርም" ብላ አለፈችው።

ቀጥሎ ኪሊማንጃሮ ሳፋሪ በሚሉት መኪና ወደ 45 ሄክታር የሚሰፋ ሜዳ ዞርን። ቀጭኔ አየን፣ ዝሆን አየን። ጅብ ጋ ስንደርስ እናቴ ወደ እኔ ዞረች። "ልጄ፣ ለዚህ ነው ገንዘብ የከፈልከው?" በእሷ አገር በጎንደር ለጅብ ቢከፈል እንኳ እንዳይመጣ ነው። ባኦባቦቹን ግን ወደደቻቸው፤ የመተማ ቆላ ዛፍ ናቸው። ከሲሚንቶ የተሠሩ መሆናቸውን ስነግራት፣ "እውነተኞቹን ምን አደረጓቸው?" አለች። መልስ አልነበረኝም።

ሹመቱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። "የዱር አሳሾች" የሚሉት ለልጆች የተዘጋጀ ነጻ ፕሮግራም አላቸው፤ ስሙን ያገኙት እ.ኤ.አ. በ2009 ከወጣው "አፕ" ከተባለው ፊልም ነው። ልጁ ትንሽ መጽሐፍ ይሰጠዋል፤ እጁን አንሥቶ፣ እንደ አውሬ ጮኾ ቃለ መሐላ ይፈጽማል። ከዚያ ከጣቢያ ጣቢያ እየዞረ ኮቴ ይለያል፣ ድምፅ ያዳምጣል፣ የተጠየቀውን ይመልሳል፤ ለያንዳንዱ በባጅ ፈንታ ስቲከር ይለጠፍለታል። በአንዱ ጣቢያ ስለ እንስሳት ፋንድያ ጥቅም ሲጠየቅ ትልቁ ልጄ ዝም አለ። እናቴ በእኔ አስተርጓሚነት የኩበትን ታሪክ ከጋገራ እስከ ማገዶ ዘረገፈችው። አሠልጣኙ ወጣት በደስታ አንድ ስቲከር ለእሷም ሰጣት፤ ነጠላዋ ላይ ለጠፈችው።

በዚያው ፓርክ ለእንስሳቱ ደኅንነት ሲባል የፕላስቲክ ስትሮ አይሰጥም፣ ፊኛም አይሸጥም። ልጆቼ ይህን እንደ አዋጅ ይዘው ቤት ገቡ። "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" ይባላል፤ የእኔዎቹ ግን ሲሾሙ የበሉት እኔን ነው። ጥርሴን ስፋቅ ቧንቧ የሚዘጋ አለ፣ ገና ከክፍሉ ሳልወጣ መብራት የሚያጠፋ አለ፣ ከሱቅ ስመለስ ፌስታል የምትቆጥር ትንሿ አለች። በአገራችን ልጅ ይመከራል እንጂ አይመክርም ነበር፤ አሁን እራት ላይ ሪፖርት የማቀርበው እኔ ነኝ።

እናቴ ብቻ አትነካም። ቡና ስትቆላ ጭሱ ቤቱን ሞልቶ የእሳት ማስጠንቀቂያው ሲጮኽ ሹማምንቱ መጽሐፋቸውን ይዘው ከተፍ አሉ። እሷ ከነጠላዋ ላይ ያልተነቀለውን ስቲከር አሳየቻቸው። "እኔም ባለ ባጅ ነኝ፤ ሹም ሹምን አይከስም" አለች፤ ጉዳዩ በዚያው ተዘጋ።

ቀልዱን ትተን፣ እነዚያ የፓርኩ ሰዎች አንድ ነገር ገብቷቸዋል። አዋቂን ስለ አካባቢ ጥበቃ ስትመክረው ጭንቅላቱን ነቅንቆ ይሄዳል፤ ልጅን ስትሾመው ግን አዋቂውን ሌት ተቀን ይጠብቅልሃል። አገር ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 አረንጓዴ ዐሻራ ከተጀመረ ወዲህ እኛም በየክረምቱ ችግኝ እንተክላለን፤ ፎቶ እንነሣለን፤ የተተከለውን እንቆጥራለን። ውኃ የሚያጠጣውን ግን ማን ሾመው? እንጦጦ ፓርክና አንድነት ፓርክ እሑድ እሑድ ልጁን ይዞ የሚመጣ ቤተሰብ አያጡም። በር ላይ ለያንዳንዱ ልጅ ቀጭን መጽሐፍ፣ ጥቂት ስቲከርና አንድ በስሙ የሚመዘገብ ችግኝ ስጡት፤ ማዕረጉንም ከፍ አድርጉለት፣ "ደጃዝማች" ቢባልም አይበዛበትም። ደመወዝ አይጠይቅም፣ መኪና አይጠይቅም፣ ጉቦ ቢያምረው እንኳ ሌላ ስቲከር ነው። እንዲህ ያለ ርካሽ ሹመኛ አገራችን አግኝታ አታውቅም።