ወላጅ ነዎት? ማስረጃ ያቅርቡ፦ ከሲኒማ ራስ አካባቢ የተገኘ ጥናት

መርካቶ ውስጥ፣ በሲኒማ ራስ አካባቢ ባለ አንድ የግል ትምህርት ቤት የአራተኛ «ሀ» ወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ አላቸው። ወደዚህ ግሩፕ መግባት የሚፈቀድለት ማን ነው? የአገራችን ሊቃውንት ከዚህ የቀለሉ ጥያቄዎችን፣ ለምሳሌ የአክሱም ሐውልቶች እንዴት እንደቆሙ፣ ሲመረምሩ ኖረው ይህንን ሳይነኩት አልፈዋል። ይህ ጽሑፍ ክፍተቱን ለመሙላት የቀረበ ነው።

በመጀመሪያ ታሪካዊ ዳራ፤ ያለ ዳራ ጥናት አይሆንም። ማን ይግባ፣ ማን ይቅር የሚለው ነገር ለሰፈሩ እንግዳ አይደለም። ጣሊያን በወረራው ዘመን የጊዮርጊሱን የአራዳ ገበያ ነቅሎ ወደ ምዕራብ ሲያወርደው አሳቡ ግልጽ ነበር፤ ፒያሳ ለነጩ፣ አዲሱ ገበያ መርካቶ ለአገሬው። ጣሊያን ተባረረ፣ መደልደሉ ግን እዚሁ ቀረ። ሸማ ሸማ ተራ፣ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ተራ፣ የተሰበረና የተጣለ ሁሉ ምናለሽ ተራ ይገኛል። መርካቶ ውስጥ ተራ ያልተሰጠው ወላጅ ብቻ ነበር።

እሱም ቢሆን ብዙ አልቆየም። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ሲወሰን የቤት ሥራ በቴሌግራም መላክ ጀመረ። ያኔ መስፈርት የሚባል ነገር አልነበረም፤ ዳታ ያለው ይገባል። ደህና ስልክ የያዘው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አጎት ወይም ሱቅ ጠባቂው ልጅ ስለነበረ፣ የክፍልፋይ መልመጃ ከጣና ገበያ የሸቀጥ ዋጋ ጋር ተደባልቆ ይደርስ ነበር። ወረርሽኙ ሲያልፍ ግሩፑ ጸና፤ ግሩፑ ሲጸና አድሚን ተሾመ፤ አድሚን ሲሾም መስፈርት ወጣ።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አባትነት እንዴት እንደሚታወቅ፣ ጉዲፈቻ እንዴት እንደሚፈጸም፣ ሞግዚትና አሳዳሪ ማን እንደሚሆን በብዙ አንቀጽ ይዘረዝራል። አድሚኗ ግን ሥራዋ ብዙ ነውና ሦስት ጥያቄ ብቻ ትጠይቃለች፦ የተማሪው ስም፣ ዝምድናዎ፣ ማን እንደሚያውቅዎት። ሦስተኛው በቀጥታ ከእቁብ የተወሰደ ሲሆን በሌላ አነጋገር ዋስ ማለት ነው። እቁብ ዋስ የሚጠይቀው ደርሶት ይዞ እንዳይጠፋ ነው። ከወላጆች ግሩፕ ተይዞ ሊጠፋ የሚችለው ምን እንደሆነ ግን የጥናቱ ዐቅም ሊደርስበት አልቻለም። ቴሌግራም በአንድ ግሩፕ እስከ 200,000 ሰው ይፈቅዳል። አራተኛ «ሀ» ግን ጥንቃቄ መርጣለች።

ከአመልካቾቹ እናት በቀላሉ ታልፋለች። አባት ያስቸግራል፤ ስልኩ ላይ ያለው ስም የሱቁ ስም ነው፣ ፎቶው የብርድ ልብስ ነው። «ነጋዴ ነዎት ወይስ ወላጅ?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ መርካቶ ውስጥ በሁለቱ መካከል ልዩነት መኖሩን ያን ቀን ሰማ። «በግሩፑ ንግድ ማስተዋወቅ ክልክል ነው» የሚለው ደንብ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል፤ በዚያው ምሽት አንድ አጽዳቂ ደብተር በደርዘን እንዳለው አሳውቋል። ልጁን ያሳደገችው አያት ስልኳ በተን ስለሆነ ማመልከት አልቻለችም። ወላጁን ራሱን የወለደች መሆኗ ግምት ውስጥ አልገባም።

አድሚኗ ይህን ያህል የምትጠነቀቀው ያለ ምክንያት አይደለም። «ወላጅ ይዘህ ና» የተባለ ተማሪ ወላጁን ይዞ የመጣበት ጊዜ ስንት ነው? ያስተማረን ትውልድ ሁሉ ያውቀዋል። ከአውቶቡስ ተራ መለስ ብሎ ኮት የለበሰ፣ ፊቱ የማይፈታ ሰው ፈልጎ፣ ለሻይ የሚሆን አስጨብጦ ቢሮ ማቅረብ የቆየ ጥበብ ነው። የተከራየ አባት ከእውነተኛው ይልቅ ይቆጣ ነበር። እንዲያውም ነገሩን ለማሳመን በዳይሬክተሩ ፊት አንድ ጥፊ ያሳርፍ ነበር፤ ይህ በኪራዩ ውስጥ የተካተተ አገልግሎት ነው። ስለዚህ «የትናንት ኪራይ ዛሬ ግሩፕ ይገባብናል» የሚለው ሥጋት መሠረት አለው።

አሁን የጥናቱ እምብርት ወደሆነችው እንሂድ፤ የቤት ሠራተኛዋ። ጠዋት ልጁን የምታደርሰው እሷ ናት፤ ማታ የምትቀበለው እሷ፤ ፈተናው ከየትኛው ምዕራፍ እንደሚወጣ፣ ጓደኛው ማን እንደሆነ፣ ምሳ ዕቃውን ለማን እንደሚሰጥ የምታውቀው እሷ። ቅዳሜ ሱቅ የሚደምቅበት ቀን ስለሆነ የወላጆች ስብሰባ ላይም የምትላከው እሷው ናት። ስሟን ጽፋ ትፈርማለች። የትምህርት ክፍያ ሲጨመር ትምህርት ቤቱ ከወላጆች ጋር እንዲወያይ ስለሚጠበቅበት፣ ያ የፊርማ ወረቀት ከቃለ ጉባኤው ጋር ይያያዛል፤ ቃለ ጉባኤውም «ወላጆች በሰፊው ተወያይተው በጭማሪው ተስማምተዋል» ይላል። ሰኞ ዕለት ግሩፑ ውስጥ ልግባ ብላ ጠየቀች። «ይቅርታ እህቴ፣ ለወላጆች ብቻ ነው» ተባለች።

ከዚህ የምንረዳው ወላጅነት ደረጃ እንዳለው ነው። ክፍያ ለማስጨመር ቅዳሜ ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት ያለው ወላጅነት ይበቃል፤ «ነገ ነጭ ካልሲ ይልበሱ» የሚለውን ለማንበብ ግን አይበቃም። የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ስላላቸው በምርጫ ይገላገሉታል፤ የእኛዋ አድሚን ግን የተመረጠችው ግሩፑን ቀድማ በመክፈቷ ነው።

መስፈርቱ በተግባር የተፈተነው ትምህርት ቤቱ «ዛሬ ተማሪዎች በስድስት ሰዓት ስለሚለቀቁ ወላጆች ተገኝታችሁ ተቀበሉ» ብሎ የለጠፈ ዕለት ነው። በደቂቃ ውስጥ «እሺ»፣ «እናመሰግናለን»፣ ጽጌረዳ፣ የተጋጠሙ መዳፎች ጎረፉ። ከዚያ ሁሉም ወደ ገበያው ተመለሰ። ስድስት ሰዓት ላይ በሩ ላይ አንድ ሰው አልነበረም፤ የሚመጡት ሰዎች አልተነገራቸውማ! ሕፃናቱን በየሱቁ ስልክ እየደወሉ፣ ያልተነሳላቸውን በተሸካሚ እያስላኩ፣ የቀሩትን አጠገባቸው አግዳሚ ላይ ደርድረው ያስረከቧቸው የበሩ ጥበቃ ናቸው።

እኚህ ሰው በጥናቱ ልዩ ትኩረት ይገባቸዋል። ዋስ አይጠይቁም፣ ስም አያስሞሉም፤ ሠራተኛዋን፣ አያትን፣ የሱቁን ልጅ በእርምጃቸው ይለያሉ። በአንጻሩ በዓመት አንዴ ብቅ ያለን አባት «የማን ነህ አንተ?» ብለው ልጁ ራሱ ወጥቶ እስኪመሰክርለት በፀሐይ አቁመውታል። አባትየው ስልኩን አውጥቶ የግሩፑ አባል መሆኑን ቢያሳይም ተቀባይነት አላገኘም። እኔን ከጠየቃችሁኝ በአካባቢው ያለው አስተማማኝ መስፈርት ይህ ብቻ ነው።

ስለዚህ ጥናቱ አንድ የውሳኔ አሳብ አቅርቦ ነበር፤ ጥበቃው አድሚን ይሁኑ፣ ልጅ የሚያስረክቡት ሰውም ሁሉ ግሩፑ ውስጥ ይግባ። አሳቡ ለአድሚኗ ደርሶ በዚያው ቀን መልስ አግኝቷል። ጥበቃው በክፍሉ የተመዘገበ ልጅ ስለሌላቸው ማመልከቻቸው በመስፈርት ቁጥር አንድ ውድቅ ሆኗል።