ወጪ መጋራት

እኛ የቂሊንጦ ሰዎች «ወጪ መጋራት» ሲባል የዩኒቨርሲቲ ብቻ ይመስለን ነበር። ለካ እሳትም ይጋሩታል! በ2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ፓርክ ሲነድ ሄሊኮፕተሩ ከኬንያ፣ ባለሙያዎቹ ከእስራኤል፣ ቅጠልና አፈሩ ከአገሬው ገበሬ መጣ። ገበሬው ድርሻውን አስቀድሞ ከፈለ፤ አበል የጠየቀም አልሰማሁም።

አሁን ደግሞ የእሳት አደጋ ሕጉ ይሻሻል፣ ኃላፊነቱም ይከፋፈል የሚሉ አሉ። መከፋፈሉን ለኛ ተዉት፤ ሰፈራችን ልምድ አላት። ነሐሴ 28 ቀን 2008 ዓ.ም. የቂሊንጦ ማረሚያ ቤት ተቃጠለ። መንግሥት በሰጠው መግለጫ 23 እስረኞች ሞቱ፤ 21ዱ በጭስ ታፍነውና ተረጋግጠው፣ 2ቱ ሊያመልጡ ሲሉ። ከዚያ ኃላፊነት ተከፋፈለ። ለስንት? ለ38 ተከሳሾች። ሁሉም እስረኞች! አቤት እኩልነት! በሩ ከውጭ እንደሚቆለፍ ልጅም ያውቃል፤ ቁልፍ የያዘ ሰው ግን ከተከሳሾቹ መካከል አልነበረም። ምናልባት የዚያን ዕለት ተራው አልነበረም።

እናንት ሕግ አርቃቂዎች፣ አደራ፦ የወጪ ተጋሪዎቹን ስም ስትመዘግቡ ከቁልፍ ያዡ ጀምሩልን።