እንሰትን ከጌጥ ተራ ስለ ማውጣት የታወጀ አዋጅ

ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማው አሰማ!

ሥዩመ ወንበር፥ ዐቃቤ ማኅተም፥ መጋቤ ኖራ ወቀለም የሆንነው እኛ፥ ከአባያ ሐይቅ በስተ ምዕራብ በአለት ራስ ላይ ለምትኖሩ ለኦቾሎ ሰዎች፥ ለሽማግሌውና ለአሮጊቷ፥ ለሸማኔውና ለገበሬው፥ በየገደሉ ስንጥቅ ለተጠጋውም ለሽኮኮ ሳይቀር፥ ሰላምታችንን እናቀርባለን።

በቀደመው ዘመን አዋጅ ነጋሪት እየተጎሰመ ይነገር እንደ ነበረ፥ ከ1934 ዓ.ም. ወዲህም በነጋሪት ጋዜጣ እየታተመ፥ ቁጥርና ቀን እየተሰጠው ይወጣ እንደ ነበረ እናውቃለን። የእኛ ትእዛዝ ግን ከዚህ ሁሉ ድካም ነጻ ሆኖ በአንድ ወጣት ሠራተኛ አፍና በአንድ ገጀራ ስለት ብቻ የወረደ ስለ ሆነ፤ ከወረደም በኋላ «ጽሑፉን አሳዩን» የሚሉ አስቸጋሪ ሰዎች በተነሡ ጊዜ «ደብዳቤው በመንገድ ላይ ነው» ተብሎ የተመለሰላቸው ስለ ሆነ፤ ደብዳቤውም ከዚያ ወዲህ ኑሮውን በመንገድ ላይ ያደረገ ስለ ሆነ፤ የተፈጸመው ሥራ ሕግ ሳይኖረው እንዳይቀር፥ ሕጉን ከሥራው በኋላ መጻፍ አስፈላጊ ሆኖ ተገኝቷል፤ ስለዚህም የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1። አጭር ርእስ።

ይህ አዋጅ «የግቢና የቤት ማስዋብ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ሰዎች ሌላ ስም አውጥተውለታል፤ እርሱ ግን በአደባባይ አይነገርም።

አንቀጽ 2። ስለ ቤት ውስጥ።

እንግዳ የሚቀበል ቤት ሁሉ የፕላስቲክ አበባ ይኑረው። አባያን በደጃፉ ቆሞ የሚያይ ሰው፥ የማያውቀውን አገር ፏፏቴ ሥዕል በግድግዳው ላይ ይስቀል። ድንጉዛ የተባለው ሸማ በሸማኔው ገላ ላይ ሲታይ ልብስ፥ በሆቴል ግድግዳ ላይ ሲዘረጋ ግን ባህላዊ ጭብጥ ስለሚሆን፥ የሠራው ሸማኔ ወደዚያ ሆቴል ቢገባ ግድግዳውን እንጂ ወንበሩን እንዳይጠጋ ይመከራል። ቄጤማ ለበዓል ይጎዝጎዝ፤ በማግሥቱ ይጠረግ።

አንቀጽ 3። ስለ ድንጋይ።

በመንገድ ዳር ያለ ድንጋይ ሁሉ ኖራ ይቀባ። ኦቾሎ ከግርጌዋ እስከ ራስዋ ድንጋይ በመሆንዋ፥ ኖራው የት ላይ እንደሚቆም ወደ ፊት በመመሪያ ይወሰናል።

አንቀጽ 4። ስለ እንሰት።

እንሰት ጌጥ አይደለም።

ምክንያቱም ግልጽ ነው። ጌጥ ማለት ለዐይን ቆሞ ከዚያ ወዲያ ለማንም የማይረባ ነገር ሲሆን፥ ይህ ተክል ግን ግንዱ ተፍቆ ቆጮ፥ ጭማቂው ረግቶ ቡላ፥ ሥሩ ተቀቅሎ አሚቾ፥ ቃጫው ወጥቶ ገመድ የሚሆን፤ ቅጠሉ ዳቦ የሚጋገርበት፥ ቆጮ የሚቀበርበት፥ ዝናብ ሲመጣም እንደ ጃንጥላ የሚያዝ በመሆኑ፥ ይህን ሁሉ ሲሠራ የሚውል ፍጥረት ለማማር ጊዜ ሊኖረው እንደማይችል ማንም አስተዋይ ይረዳዋል። በኢትዮጵያ ውስጥ ወደ 20 ሚሊዮን የሚገመት ሕዝብ በእርሱ መኖሩም ጥፋቱን ያከብድበታል እንጂ አያቀልለትም። ስለዚህ ከቤት ደጃፍ እስከ መንገድ ባለው ስፍራ፥ የእንግዳ ዐይን ሊያርፍበት በሚችልበት ሁሉ፥ እንሰት ቆሞ እንዳይገኝ ተከልክሏል።

ነገር ግን፥ ሕግ ያለ ርኅራኄ ጭካኔ ስለሚሆን፥ የሚከተሉት ከክልከላው ወጥተዋል።

ሀ) ከባሕር ማዶ የተወለደ እንሰት። ጄምስ ብሩስ የተባለው ስኮትላንዳዊ መንገደኛ ከሐበሻ አገር ተመልሶ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ የእንሰትን ሥዕል ለአገሩ ሰዎች አሳይቷል፤ በ1853ም በምጽዋ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል ዘሩን ለንደን አጠገብ ወዳለው ወደ ኪው የአትክልት ስፍራ ሰድዶት፥ ዘሩ በቅሎ፥ አድጎ፥ ተደንቆ፥ ከዚያ ወዲህ የፈረንጅ ግቢ ማማሪያ ለመሆን በቅቷል። ዛሬም ቅጠሉ ቀይ የሆነውን ዐይነት በውድ ዋጋ እየገዙ ከሣር ሜዳቸው መካከል ያቆሙታል፤ ብርዱ በመጣ ጊዜም ውርጭ እንዳይነካው እንደ አራስ ልጅ ጠቅልለው ወደ ቤት የሚያስገቡት አሉ። እንግዲህ ከዚያ ተመልሶ፥ በማሰሮ ተተክሎ፥ «ኤንሴቴ ቬንትሪኮሱም» የሚል ጽሑፍ በአንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የመጣ እንሰት ጌጥ ነው፤ ሊነካ አይገባውም። ስለ አንድ ተክል ጥርጥር የተነሣ እንደ ሆነ፥ ሦስት ምስክሮች ባሉበት በላቲን ይጠራ፤ አቤት ካለ ይተርፋል።

ለ) ተከፍሎበት የሚታይ እንሰት። በዶርዜ፥ ከፊት ሲያዩት የዝሆን ራስ በሚመስለው የቀርከሃ ቤት አጠገብ፥ ጎብኚዎች ተሰብስበው ሴቶቹ ግንዱን ሲፍቁ ፎቶግራፍ እያነሡ፥ ቆጮውንም በማርና በዳጣ እየቀመሱ «እጹብ ድንቅ!» ይላሉ። ይህ እንሰት ጎብኚው እያየው ሳለ ጌጥ ነው። ጎብኚው ፊቱን ያዞረ እንደ ሆነ ግን ወደ ቀድሞ ነውሩ ይመለሳል። ባለቤቱም ሁለቱን ሰዓቶች ለይቶ የሚያሳይ መዝገብ ይያዝ።

ሐ) ከቤት ጀርባ ያለ እንሰት። ይህ የሚፈቀደው ከጣራ በላይ አንገቱን ቀና አድርጎ ወደ መንገድ ያልተመለከተ እንደ ሆነ ብቻ ነው። እንሰት እስከ 6 ሜትር ሊቆም የሚችል ስለ ሆነ፥ ጎንበስ ብሎ እንዲያድግ ባለቤቱ ከችግኝነቱ ጀምሮ ይምከረው።

መ) የፕላስቲክ እንሰት። ያለ ገደብ ተፈቅዷል፤ አይበላምና።

ሠ) ያልደረሰ እንሰት። ይህ ግን ከክልከላው አይወጣም። አንዳንድ ሰዎች «ተክሉ ለመፋቅ እስኪደርስ ይቆይልን» ብለው አመልክተዋል። እንሰት እንደ አገሩ ደጋነትና ቆላነት ከአራት እስከ ሰባት ዓመት የሚፈጅ ሲሆን የአንድ ሹም ዘመነ ሹመት ግን ይህን ያህል የማይረዝም ስለ ሆነ፥ ሹም ተሽሮ እንሰት ቀሪ የሚሆንበትን ሥርዓት መፍቀድ ለመንግሥት ሥራ ክብር አይስማማም። በምትኩ በጉብኝት ሰሞን አብቦ በሹም ሽር ሰሞን የሚደርቅ አበባ ይተከል፤ የችግኙንም ዋጋ ባለቤቱ ይክፈል።

«እንሰት ጌጥ አይደለም» ያልነውን ቃል የትርጓሜ መምህራን ቢያገኙት በአንድምታ ያፍታቱት ነበር። እንሰት ጌጥ አይደለም፥ ይበላልና። አንድም፥ እንሰት ጌጥ አይደለም፥ ድኻ ይተክለዋልና። አንድም፥ በቆጮ ያደገ ልጅ ወንበር ባገኘ ጊዜ፥ ያሳደገውን ምግብ ከሌላ አገር ሰው ጋር በመኪና ሲያልፍ እንዳያየው፥ አይቶም «ይህ ምንድን ነው?» ተብሎ እንዳይጠየቅ። ሦስተኛው ትርጓሜ ከጥንት መጻሕፍት አልተገኘም፤ እናቴ ደጃፍ ላይ ነው የተገኘው። ወጣቱ ሠራተኛ ጋሞኛ እንደ ውሃ እየቻለ፥ ነገሩ ሕግ እንዲመስል በአማርኛ «እማማ፥ ይህ ለእንግዳ ዐይን አያምርም፤ ይነሣ» አላት። እርሷ በጋሞኛ መለሰችለት፦ «ልጄ፥ አንተስ በምን አደግህ?» ምንም አላለም። ገጀራ ለያዘው ሰው በእጁ ምልክት ሰጠ።

ረ) ቅጠል። እንሰት ጌጥ ባይሆንም የእንሰት ቅጠል ግን ጌጥ ነው፤ ይኸውም ከግንዱ የተለየ፥ ታስሮ በእንግዳ መቀበያ ቅስት ላይ የተሰቀለ እንደ ሆነ። ይህ ንኡስ አንቀጽ ከሁሉ ይልቅ ግልጽ መሆን የሚገባው ስለ ሆነ ቀስ ብለን እንናገራለን። ለዐይን አያምርም ተብሎ የተቆረጠው ተክል ገና መሬት ላይ እንደ ተጋደመ፥ ቁስሉ ውሃ ሲያወርድ፥ ያው ሠራተኛ ተመልሶ መጥቶ «ቅጠሉን ግን አትጣሉት፤ ለቅስቱ ይፈለጋል» አለ። ለምን ይፈለጋል? ለማሳመር። ምንን? የእንግዳውን ዐይን። የማንን ቅጠል? አያምርም የተባለውን! እኔ ይህን ስሰማ ትምህርቴን ሁሉ ረሳሁት፤ ፍትሐ ነገሥት ቢገለጥ፥ የአገሩ ሕግ ሁሉ ቢመረመር፥ አንድ ነገር በቆመበት አስቀያሚ፥ በታረደበት ውብ የሚሆንበት ምዕራፍ ይገኝ ይሆን? የሰው ደጅ ገብታችሁ፥ የአሮጊት ጉሮሮ ቆርጣችሁ፥ በቆረጣችሁት ላይ ሪባን ታስራላችሁ?

ቅስቱ ቆመ። እውነት ለመናገር ያምር ነበር፤ ሰፋፊ ቅጠሉ በነፋስ ሲወዛወዝ ከቤተ መቅደስ እንደሚወጣ ጥላ ሆኖ ይታይ ነበር። ይህ ሁሉ የተደረገለት እንግዳ ግን ዳገቱን አልወጣም። መኪናው በግርጌ ባለው መንገድ፥ መስኮቱ እንደ ተዘጋ አለፈ። ከዚያም የቅስቱን እንጨት ጭነው ሄዱ፤ እንጨቱ የመንግሥት ንብረት ነበር።

የተቆረጡት ገና ለጋ ነበሩ። እናቴ ለመፋቅ ሞከረች፤ ለጉድጓድ የሚበቃ አልወጣም። በመጪው ክረምት ያ የቆጮ ጉድጓድ በምን እንደሚሞላ የሚናገር ንኡስ አንቀጽ በዚህ አዋጅ ውስጥ ለማስገባት ብዙ ደክመን፥ ቃሉ ስላልተገኘልን ትተነዋል። ሰው የፕላስቲክ አበባ ቀቅሎ አይበላም፤ ይህን ለማወቅ ደግሞ ወንበር አያስፈልግም።

ሥርዓቱን እንጠብቅ። ወደ አንቀጹ እንመለስ።

አንቀጽ 5። ስለ ሣር።

በተዋበ ሥፍራ የተተከለን ሣር መርገጥም መንጨትም ክልክል ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ከተማ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው፥ ለበቀል በተነሡ ወጣቶች ፊት ተንበርክከው፥ ደም ሳይፈስ መልሰዋቸዋል። ያ ሣር ከየትኛው ሥፍራ እንደ ተነጨ፥ ፈቃድም የነበረው መሆን አለመሆኑ እስከ ዛሬ አልተጣራም። ወደ ፊት እርቅ የሚያወርድ ሽማግሌ አስቀድሞ በጽሑፍ ያመልክት፤ የበቀሉም ጉዳይ መልሱ እስኪመጣ ይታገሥ።

አንቀጽ 6። ስለ ምክር።

በዚህ አገር ሕግ የሚወጣው በዱቡሻ፥ በሜዳ ላይ፥ በድንጋይ መቀመጫ ተቀምጦ፥ ተናጋሪው ተናግሮ እስኪጨርስ ሌላው እየሰማ እንደ ነበረ የታወቀ ነው፤ ማርክ አቤሌስ የተባለ የፈረንሳይ ሊቅም ከሩቅ አገር መጥቶ ይህን የኦቾሎ ሸንጎ አጥንቶ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1983 መጽሐፍ አሳትሞበታል። ይህ ሥርዓት ለመጽሐፍ የሚስማማ ሆኖ ስለ ተገኘ በዚያው በመጽሐፉ ውስጥ ይቆይ። አሁን ያለው ትእዛዝ እንሰት ማስቆረጥ ስለ ሆነና ይህ ነገር በዱቡሻ ቀርቦ ቢሆን አንድ ሰው እንኳ እንደማይቀበለው አስቀድሞ ስለ ታወቀ፥ ማቅረቡ ጊዜ ማባከን ይሆናል። የዱቡሻው ድንጋይ ግን አልተረሳም፤ በአንቀጽ 3 መሠረት ኖራ ይቀባል። እስኪደርቅም ማንም አይቀመጥበት። መድረቁን የሚያረጋግጠው ሠራተኛ ገና አልተቀጠረም።

አንቀጽ 7። ቅጣት።

ይህን አዋጅ የተላለፈ፥ ወይም በምግብ ሰዓት «ይህ ጌጥ ነውን?» ብሎ የጠየቀ፥ ግቢው በራሱ ወጪ ይዋባል።

አንቀጽ 8። አዋጁ ስለሚጸናበት ጊዜ።

ሌሎች አዋጆች ከወጡበት ቀን ጀምረው ወደ ፊት ይሠራሉ፤ ይህ ግን ሥራው ከሕጉ ቀድሞ የተፈጸመ በመሆኑ ወደ ኋላ ይሠራል። ምን ያህል ወደ ኋላ እንደሚሄድ ከተከራከርን በኋላ፥ ገጀራው እስከ ተነሣበት ቀን ብቻ ቢሆን የተክሉን መኖር ሕጋዊ አድርጎ መቁጠር ስለሚሆንብን፥ ችግኙ እስከ ተተከለበት ቀን ድረስ እንዲሄድ ተወስኗል። ስለዚህም እነዚያ እንሰቶች ገና ሲተከሉ ጀምሮ ሕገ ወጥ ነበሩ፤ የተከለችው ሴትም ይህን አዋጅ በዚያን ቀን እንዳነበበች፥ አንብባም እንደ ተረዳች፥ ተረድታም ሆነ ብላ እንደ ተከለች ይቆጠራል፤ ማንበብ አለመቻልዋም እንደ ማቅለያ አይታይላትም።